ከማሽኑ ማዶ ያለው ሰው

ቶክዮ ውስጥ፣ አንድ ጌም ቤት። ልጁ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። ማሽኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበት ከሥሩ ይገባል፣ ስክሪኑም ደረት ላይ የተደገነ ይመስላል። ግራ እጁን ጆይስቲኩ ላይ፣ የቀኝ እጁን ጣቶች ስድስቱ ቁልፎች ላይ ያሳርፍና አንዲት የ100 የን ሳንቲም ይከታል። ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለው ተፋላሚ ሁለት እርምጃ ወደፊት ይመጣል፣ ይመለሳል። እንደገና ይመጣል፣ ይመለሳል። የኮምፒውተር አካሄድ አይደለም። ሰው ነው። ሰውየው ግን አይታይም፤ ከዚህኛው ማሽን ጋር ጀርባውን ያጋጠመ ሌላ ማሽን ፊት ተቀምጧል። የሚሰማው ቁልፎቹ ሲመቱ የሚያወጡት ድምፅና አልፎ አልፎ አንድ ሳል ብቻ ነው።

እንዲህ ጀርባ ለጀርባ የተጋጠሙ ማሽኖችን ጃፓኖች «ታይሰንዳይ» ይሏቸዋል፤ የግጥሚያ ማሽን ማለት ነው። ስለ ጃፓን የፍልሚያ ጌም ውድድሮች ሲወራ ቀድመው የሚነሡት ሻምፒዮኖቹ ናቸው። እኔ ግን ታሪኩ ከማሽኑ አቀማመጥ ይጀምራል ባይ ነኝ። ውድድሮቹ ለምን በቡድን ሆኑ? አንዴ የተሸነፈ ለምን ወዲያው ይሰናበታል? ለምንስ ያን ያህል ዓመት ያለ ገንዘብ ሽልማት ዘለቁ? መልሱ ያለው እዚያው ጌም ቤቱ ውስጥ፣ በሳንቲሙ ቀዳዳና በመዝጊያው ሰዓት ነው።

ካፕኮም የተባለው የኦሳካ ኩባንያ «ስትሪት ፋይተር 2»ን ያወጣው በ1991 ነው፤ በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በፊት ጌም ቤት የሚሄድ ሰው ባብዛኛው የሚታገለው ከማሽኑ ጋር ነበር። መብለጥ ማለት ነጥብ መብለጥ ነው። ጌም ቤቶቹ የደንበኞቻቸውን ከፍተኛ ነጥብ እየመዘገቡ ለመጽሔት ይልኩ ነበር፤ በ1986 መታተም የጀመረው «ጌምስት» ደግሞ የማን ነጥብ በየትኛው ጌም ቤት እንደተመዘገበ ያወጣል። ተጫዋቹ በቅጽል ስሙ ይጠራል፣ አጠገቡ የጌም ቤቱ ስም ይጻፋል። ይህ ልማድ ኋላ ላይ ትልቅ ነገር ስለሚሆን ልብ ይባልልኝ፤ አንድ ሰው ጎበዝ ሲባል ጉብዝናው ከአንድ ቤት ጋር አብሮ ይጠራ ነበር።

አዲሱ ጌም መጀመሪያ ሲመጣ ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ማሽን ፊት ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ይህ ችግር አልነበረውም፤ እዚያ ማሽኑ ረጅም ነው፣ ሰው ቆሞ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፋ ይጫወታል። በጃፓኑ ዝቅተኛ ማሽን ግን ከማያውቁት ሰው ጋር ክንድ ለክንድ ተነካክቶ መቀመጥና ገና የራሱን ሳንቲም ከትቶ ብቻውን የሚጫወተውን ሰው «ልግጠምህ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ያፍራል። መፍትሔው የመጣው ሁለት ማሽኖችን በሽቦ አገናኝቶ ጀርባ ለጀርባ በማቆም ነበር። አሁን ማንንም ማስፈቀድ የለም፤ ዞሮ ባዶው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሳንቲም መክተት በቂ ነው። ስክሪኑ «አዲስ ተጋጣሚ መጥቷል» ብሎ የጀመሩትን ጨዋታ ያቋርጣል። ዓይናፋሩ ሁሉ ደፋር ሆነ።

ለጌም ቤቱ ባለቤትም ነገሩ በረከት ነበር። አንድ የተካነ ልጅ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲጫወት በአንድ ሳንቲም ረጅም ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። ሰው ከሰው ጋር ሲጋጠም ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይሄድም፤ አሸናፊው ይቆያል፣ ተሸናፊው ይነሣል፣ ወይም ሌላ ሳንቲም ይከታል። ከኋላ የቆመ ተራ ጠባቂም አለ። ይህ አሠራር በራሱ ማለቂያ የሌለው ውድድር መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ተረድተውታል። የቤቱ ሠራተኛ ማድረግ የነበረበት ፍጻሜ ማበጀት ብቻ ነበር። ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፦ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መወዳደር የሚፈልግ ስሙን ይጻፍ። በዕለቱ ዕጣ ይወጣል፣ ስሞቹ በትልቅ ወረቀት ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰፍራሉ፣ አንድ ሠራተኛ ማይክሮፎን ይይዛል፣ ጥሎ ማለፉ ይጀመራል።

ጥሎ ማለፍ የሆነው በምክንያት ነው። በ1985 ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የመዝናኛ ንግድ ሕግ ጌም ቤቶችን ከፖሊስ ቁጥጥር ሥር አስገብቷል። በመላ አገሪቱ በ1986 ከ26,000 በላይ ጌም ቤቶች ነበሩ፤ መንግሥት እነዚህ ቤቶች የወጣት ማበላሻ እንዳይሆኑ ይሰጋ ነበር። ስለዚህ በጥቅሉ እኩለ ሌሊት ሲሆን መዝጋት ግዴታ ሆነ፤ ልጆችም ከመሸ በኋላ አይገቡም። ብዙ ሰው፣ ጥቂት ማሽን፣ የተወሰነ ሰዓት። ስለዚህ ለተሸነፈ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም፤ አንድ ግጥሚያ፣ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል፣ ሌላው ይሰናበታል። አሜሪካኖቹ ተሸናፊው በሌላ ምድብ ተመልሶ የሚመጣበትን ስልት ሲመርጡ ጃፓኖቹ በዚህ በጠባቡ መንገድ አደጉ። ሰዓት ቆርጦ ያመጣው አሠራር የጨዋታውን ባሕርይ ለወጠው። አንዲት ስሕተት ወደ ቤት የምታሰናብት ከሆነ ተጋጣሚን ቀስ ብሎ ለማጥናት ጊዜ የለም፤ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

ያው ሕግ ሌላም ነገር ከልክሏል፤ ጌም ቤት በጨዋታ ውጤት ሽልማት መስጠት አይችልም። በዚህ ምክንያት አሸናፊው የሚያገኘው ጭብጨባና የስሙን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበር። ይህን ክልከላ እንደ ጉዳት ብቻ የሚያዩት አሉ፤ የኋለኞቹ ባለሙያ ተጫዋቾችም በሽልማት ሕጎች በእጅጉ ተቸግረዋል። በ2019 ዩሱኬ ሞሞቺ የተባለው ዕውቅ ተጫዋች ቶክዮ ላይ ትልቅ ውድድር አሸንፎ፣ የባለሙያነት ፈቃድ አልወስድም በማለቱ፣ ከ5,000,000 የኑ ሽልማት እጁ የገባው እጅግ ጥቂቱ ነበር። ያ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለነበሩት ትናንሽ ውድድሮች ግን ገንዘብ አለመኖሩ ጠቅሟቸዋል። የሚደበቅ ምሥጢር አልነበረም። ያወቀ ያሳያል።

የማሳያው ቦታ ደግሞ ደብተር ነበር። ብዙ ጌም ቤቶች ጥግ ላይ ባለ ጠረጴዛ አንድ ተራ የተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ያስቀምጡ ነበር። የመጣ ሁሉ ይጽፋል፤ አንዱ የወደደውን ተፋላሚ ሥዕል ይሥላል፣ ሌላው «ትናንት ማታ ያሸነፍከኝ ሰው፣ ቅዳሜ ተመልሼ እመጣለሁ» ይላል፣ ሦስተኛው ያገኘውን አዲስ የምት ቅደም ተከተል ያሰፍራል። ማሽኑ ፊት የማይተያዩ ሰዎች ደብተሩ ላይ ይነጋገራሉ።

የሚጻፍ ነገር ደግሞ ሞልቶ ነበር፤ ጌሙ በራሱ በሠሪዎቹ እንኳ ገና ያልታወቀ አገር ነበርና። ዛሬ ያለ እሱ የፍልሚያ ጌም የማይታሰበው «ኮምቦ» ታስቦበት የተሠራ አይደለም። ከ«ስትሪት ፋይተር 2» አዘጋጆች አንዱ ኖሪታካ ፉናሚዙ መኪና የሚሰባበርበትን የማበረታቻ ዙር ሲፈትሽ፣ ጊዜው በትክክል ከተመታ አንዱ ምት ከሌላው ጋር ሳይቋረጥ እንደሚያያዝ አስተዋለ። አስቸጋሪ ነው፣ ብዙ ሰው አያገኘውም ብለው እንዳለ ተዉት። ተጫዋቾቹ ግን አገኙት።

አንድ ያልተጠበቀ ጣጣም መጣ። እያንዳንዱ ጌም ቤት የራሱ የጨዋነት ደንብ ነበረው። በአንዱ ቤት ተጋጣሚን ጥግ አስይዞ ደጋግሞ መወርወር ነውር ነው፤ በሌላው ቤት ደግሞ መከላከል ያልቻለ የራሱ ጉዳይ ነው። በጣም የተጠላው አሜሪካዊው ወታደር ጋይል ነበር። የጋይል ተጫዋች ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል፤ ከሩቅ ሶኒክ ቡም የሚባለውን የአየር ማዕበል ይለቃል፣ በላዩ ዘሎ የመጣውን በእግሩ ገልብጦ ይመታል፣ ተመልሶ ቁጢጥ ይላል። ጃፓኖች «የሚጠብቀው ጋይል» ብለው ስም አወጡለት፤ ስሙ ሲጠራ ዛሬም የዚያ ዘመን ሰው ፊቱ ይቋጠራል። ያኔ ጌም ቤት ውስጥ ይጨሳል፣ በየማሽኑም መተርኮሻ አለ። ከተናደዱት ተሸናፊዎች መካከል መተርኮሻውን ከማሽኑ ማዶ ወዳለው ሰው የሚወረውሩ ስለነበሩ ተጫዋቾች ለዚህም ስም ፈጠሩ፦ «የመተርኮሻ ሶኒክ»። ስሙ ያስቅ ይሆናል፤ ግንባሩን ለተመታው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የመንደር ውድድሮች ትልቁን ሥራ የሠሩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው የእናንተን ቤት ነውር አያውቅም። ማይክሮፎን ይዞ የቆመው ሠራተኛ መወሰን አለበት፤ ቀስ በቀስም ውሳኔው ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደ፤ ማሽኑ የፈቀደው ሁሉ ይፈቀዳል። የሚጠብቀውን ጋይል ከመክሰስ ይልቅ የሚፈታበትን መንገድ መፈለግ ተጀመረ። ደብተሩም ከአቤቱታ ይልቅ በመፍትሔ ይሞላ ጀመር።

ኩባንያዎቹም ቶሎ ነቁ። በ1993 ካፕኮም ሱሞ በሚታገሉበት በርዮጎኩ ኮኩጊካን አዳራሽ የ«ስትሪት ፋይተር 2 ቱርቦ» ትልቅ ውድድር አዘጋጀ። ደማቅ በዓል እንደነበር አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ኩባንያ የሚደግሰው በዓል የሚቆየው ጌሙ አዲስ እስከሆነ ድረስ ነው። አዲስ ምርት ሲመጣ አሮጌው ይተዋል። የጌም ቤቱ ውድድር ግን አሮጌውን አይጥልም፤ የሚጫወት እስካለ ማሽኑ አይነሣም። ስለዚህ ትኩረቴን እዚያው ላድርግ።

በዚያው በ1993 ሴጋ «ቨርቹዋ ፋይተር»ን፣ በዓመቱም ሁለተኛውን አወጣ። በዚህ ጌም ዙሪያ «ቴትሱጂን» ማለትም የብረት ሰዎች የተባሉ ተጫዋቾች ስማቸው አገር አዳረሰ። ስማቸውን ተመልከቱ፦ የሺንጁኩው ጃኪ፣ የኢኬቡኩሮዋ ሳራ፣ የካሺዋው ጄፍሪ። ሺንጁኩና ኢኬቡኩሮ የቶክዮ ሰፈሮች ናቸው፣ ካሺዋ ከቶክዮ ወጣ ያለች ከተማ ናት፤ ጃኪ፣ ሳራና ጄፍሪ ደግሞ ጌሙ ውስጥ ያሉ ተፋላሚዎች። ኢኬቡኩሮ ጌም ቤት ሳራን ይዞ የሚያንበረክከው አንድ ሰው አለ፤ ከማሽኑ ማዶ ስለሆነ ስሙን ማንም አይጠይቀውም፤ «የኢኬቡኩሮዋ ሳራ» ይሉታል። ነጥብ ይላክበት የነበረው የመጽሔት ዓምድ ትቶት ያለፈው ልማድ ይኸው ነው። ሰው በቤቱ፣ በሰፈሩ፣ በያዘው ተፋላሚ ይታወቃል። ሰፈር ከሰፈር ሊጋጠም ጥቂት ነው የቀረው።

ከዚህ ወለል የበቀለው ትልቁ ስም ዳይጎ ኡሜሃራ ነው። በ1981 አኦሞሪ ክፍለ ግዛት ተወለደ፤ ቶክዮ አደገ። ከትምህርት ቤት በኋላ ጌም ቤት ይውል የነበረ ልጅ ነው። ገና በአሥራዎቹ ሳለ አኪሃባራ ውስጥ «ቫምፓየር ሃንተር» በተባለው ጌም 286 ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል ይባላል። በአንድ ሳንቲም 286 ድል። ይህ ቁጥር የታይሰንዳይን ሥርዓት ይነግረናል፤ ልጁ ከበርጩማው አልተነሣም፣ ከማዶ ግን ሰው እየተቀያየረ ተቀምጦበታል፣ የሁሉንም ጠባይ ከእጃቸው አነበበ። በ1998 በ«ስትሪት ፋይተር አልፋ 3» የጃፓን ሻምፒዮን ሆነና በኅዳር ወር ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ የአሜሪካውን አሌክስ ቫሌን ረታ። 17 ዓመቱ ነበር።

አሜሪካኖቹም የራሳቸው የመንደር ውድድር ነበራቸው። በ1996 ካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ከተማ፣ በአንድ ጌም ቤት ውስጥ 40 ሰው ተሰብስቦ የተጫወተበት ውድድር ኋላ «ኢቮ» የተባለው ትልቅ ውድድር ሆኗል። በጃፓን የዚያ ዓይነቱ ሥር የት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ አንዱን ልጥቀስ፦ «ኩፔሬሽን ካፕ»።

«ስትሪት ፋይተር 3፦ ሰርድ ስትራይክ» የወጣው በ1999 ነው። ያኔ የጌም ቤቶች ዘመን ማዘቅዘቅ ጀምሯል። «ጌምስት» ራሱ በዚያው ዓመት አሳታሚው ከስሮ ተዘግቷል። ሳንቲሙም ችግር ፈጥሯል፦ የሽያጭ ግብር በ1989 በ3 በመቶ ተጀምሮ በ1997 ወደ 5 አደገ፣ ማሽኑ ግን የሚቀበለው 100 የን ነው፤ 105 የን የሚባል ሳንቲም የለም። ጭማሪውን የሚውጠው የቤቱ ባለቤት ነው። በዚህ መካከል ቶክዮ ውስጥ በ2003 የዚህ ጌም ውድድር የሆነው «ኩፔሬሽን ካፕ» ተጀመረ፤ በየዓመቱ የአዲስ ዓመት ሰሞን የሚካሄድ ሆነ። በቡድን ነው፤ በአንድ ቡድን አምስት ሰው።

ለምን አምስት? የኬንዶና የጁዶ ቡድን አምስት ስለሆነ ይመስለኛል። ተራቸውም ስም አለው፤ መጀመሪያ የሚወጣው «ሴምፖ» ነው፣ ግንባር ቀደሙ፤ ቀጥሎ «ጂሆ»፣ መካከሉ «ቹከን»፣ አራተኛው «ፉኩሾ»፣ መጨረሻው «ታይሾ»፣ ጄኔራሉ። ጃፓናዊ ተማሪ ይህን ቅደም ተከተል በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲያይ አድጓል። አሸናፊ የሚቆይበት የቡድን ግጥሚያም አለ፤ የመጀመሪያው ተጫዋች እስኪሸነፍ ድረስ የተቃራኒውን ቡድን አንድ በአንድ ይጥላል። አራት ጓደኞቹ ወድቀውበት ብቻውን የቀረ ጄኔራል አምስቱንም ሊመልስ ይችላል። የጌም ቤቱ «አሸናፊ ይቆያል» እና የኬንዶው አዳራሽ እዚህ ተገናኙ፤ ግጥሚያው ለማንም እንግዳ አልሆነም። ብቻውን የሚጫወት ዓይናፋር ልጅ ከኋላው የሚጮሁለት አራት ሰዎች አገኘ።

«ሰርድ ስትራይክ» ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ጌሙ «ፓሪ» የሚባል ነገር አለው። ምት ሲመጣ ወደኋላ ሸሽቶ ከመከላከል ይልቅ ጆይስቲኩን ምቱ በሚያርፍባት ቅጽበት ወደፊት መንካት ነው፤ ወደሚመታህ ሰው ትሄዳለህ ማለት ነው። ከተሳካ ምቱ ይመክናል፣ ጉዳት የለም። ካልተሳካ ደረትህን ሰጥተሃል። ዓለም ይህን ያየው በ2004 ኢቮ ላይ ነው። ዳይጎ ኬን የተባለውን ተፋላሚ ይዞ፣ ቹን ሊ የተባለችውን ከያዘው ከጀስቲን ዎንግ ጋር ገጥሟል፤ ሕይወቱ ልትጠፋ አንዲት ጭረት ቀርታለች፤ ምት ቢከላከል እንኳ ይሞታል። ጀስቲን የቹን ሊን ተከታታይ ርግጫ ለቀቀ። 15 ምት። ዳይጎ አሥራ አምስቱንም አንድ በአንድ ወደፊት ነካ፣ ዘሎም በኮምቦ ጨረሰው። የመጀመሪያዋን ንክኪ ለማድረግ ጥቃቱ ስክሪኑ ላይ ሳይታይ በፊት እጁ መንቀሳቀስ ነበረበት። አዳራሹ ተነሥቶ ጮኸ። የዚያን ውድድር ፍጻሜ ግን ዳይጎ አላሸነፈም፤ የረታው ሌላ ጃፓናዊ ኬንጂ ኦባታ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ከማሽኑ ማዶ ሁልጊዜ ሌላ ሰው አለ።

ከ«ጌምስት» መዘጋት በኋላ የተተካው «አርካዲያ» መጽሔት በበኩሉ «ቶጌኪ» የተባለውን አገር አቀፍ ውድድር በ2003 ጀመረ። ማጣሪያው የሚካሄደው በየከተማው ጌም ቤቶች ነበር፤ በአንድ ቤት ያሸነፈ ቡድን ወደ ፍጻሜው ይጓዛል። እስከ 2012 ቀጥሎ ቆመ። የጌም ቤቶቹም ቁጥር እየሳሳ ሄዶ በ2010ዎቹ መጨረሻ ወደ 4,000 ገደማ ወርዷል።

ያልጠፉ አሉ። ቶክዮ ታካዳኖባባ ሠፈር «ሚካዶ» የሚባል ጌም ቤት አለ፤ በሳምንቱ ውስጥ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የ1990ዎቹን ጌሞች ውድድር ያካሂዳል፣ በኢንተርኔትም ያስተላልፋል። በ2020 ወረርሽኙ በሩን ሲያዘጋው እንዳይከስር ገንዘብ ያዋጡለት ተጫዋቾች ናቸው።

እዚያ ዕጣው ወጥቶ ስሞች ይጠራሉ፤ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ያወጣሉ፣ አንዱ በዚህኛው በኩል፣ ሌላው በዚያኛው ይቀመጣል። አስተዋዋቂው እየተቻኮለ ይናገራል፤ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ሦስተኛው ዙር ያልቃል። ተሸናፊው ጥቂት ስክሪኑን ያያል፤ ቦርሳውን ያነሣል፣ ማሽኑን ዞሮ ወደ ማዶ ይሄዳል። አሸናፊውም ቀና ይላል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሣሉ።